ትንሽ አሟታል

መነን ከአውቶቡሱ የወረደችው አንድ ቢጫ ጀሪካን እንደ ሕፃን ደረቷ ላይ ታቅፋ ነው። ረዳቱ ሻንጣዋን ከላይ ሲያወርድላት ዞር ብላ እንኳ አላየችውም። የጀሪካኑ አፍ በፌስታል ታስሯል፣ በፌስታሉ ላይ ደግሞ ነጭ ክር ተጠምጥሞበታል። ከቁልቢ ገብርኤል እስከ ጅቡቲ ጠብ እንዳይልባት ተጠንቅቃ ያመጣችው ጸበል ነው።

«እትዬ ትርሲት! እማዬ ተሻላት?» አለች ገና ሳትሳሳም።

ትርሲት ይህችን ጥያቄ ሳምንቱን ሙሉ ስትሸሻት ከርማ፣ ይኸው ፔካ ዱዝ መናኸሪያ ላይ፣ በከባድ መኪና ጭስና በዚያ ፊት በሚለበልብ የሐምሌ ንፋስ መሃል ተያዘች። «እስቲ መጀመሪያ ልሳምሽ፣ አንቺ ልጅ! እንዴት አድገሻል በማርያም!» ብላ አንገቷ ላይ ተጠመጠመች። ተቃቅፈው ሳለ ፊቷ እንደማይታይ ስላወቀች ቶሎ አልለቀቀቻትም።

እውነቱን እንነጋገር ካልን የመነን እናት አበሩ ሞታለች። ከሞተች ሳምንት ሊሞላት ነው፣ ተቀብራለችም። ይህን እዚያው ፔካ ዱዝ ላይ ሻይ የምትሸጠው ሴትዮ ታውቃለች፣ የሚወስዳቸው ባለታክሲ ያውቃል፣ ካርቲየ 3 ሰፈር ውስጥ ያለ ሐበሻ በሙሉ ያውቃል። የማታውቀው የገዛ ልጇ ብቻ ናት። ለምን ቢባል፣ መርዶ በስልክ አይነገርማ! ከመንገድ ለገባ ሰውም አይነገርም። እንግዳው ይታጠባል፣ ይበላል፣ ያድራል። ጎህ ሲቀድ ወዳጅ ዘመድ ተሰብስቦ፣ ሲወድቅ የሚይዘው ሰው በግራ በቀኝ ቆሞ ነው የሚረዳው።

ትርሲት ለዚህ ወግ ሽንጧን ገትራ የምትከራከርበት ምክንያት አላት። የአባቷን ሞት የሰማችው በስልክ ነው። ያኔ ሄሮን ሰፈር ፈረንሳዮች ቤት ተቀጥራ ስትሠራ፣ አንድ ቀልቃላ የአጎቷ ልጅ ደውሎ «አባባ አረፉ፣ አይዞሽ» ብሎ ዘጋው። አይዞሽ! ምን የሚሉት አይዞሽ ነው? ሳሎን ውስጥ እንግዶች ተቀምጠዋል፣ ዓሣው ምድጃ ላይ ነው። እንባዋን በሽርጧ እየጠረገች አቀረበች፣ አነሣች፣ ሳህን አጠበች። ጮኻ ሳታለቅስ ቀረች። ያ ያልወጣ ጩኸት እስከ ዛሬ ደረቷ ውስጥ አለ፣ አንዳንዴ ሳታስበው ትንፋሽ ያሳጥራታል። «እኔ ትርሲት ሰውን በስልክ አልገድልም» ብላ የማለችው ያን ጊዜ ነው።

ታክሲው ውስጥ መነን ጀሪካኑን ጉልበቷ ላይ አስቀምጣ ወሬዋን ቀጠለች። ድንበሩ ደወሌ ላይ ወረቀት ሲታይ መዋላቸውን፣ አጠገቧ የተቀመጠው ሰውዬ ሲያንኮራፋባት ማደሩን፣ የቁልቢውን ሕዝብ ብዛት። «ትንሽ ነው ያመማት ስላልሽኝ ነው እንጂ ያኔውኑ እበር ነበር» አለች። «በኋላ ሳስበው፣ ገብርኤልም ደርሷል፣ ለምን ተስዬ ጸበሉን ይዤላት አልሄድም አልኩ። እማዬ ለገብርኤል ያላትን ፍቅር ታውቂ የለ?»

«ደግ አደረግሽ» አለች ትርሲት። ሌላ ምን ትበል?

ወደ ናጋድ የሚወስደው መታጠፊያ ጋ ሲደርሱ ባለታክሲው አዲሱን የባቡር ጣቢያ በጣቱ አሳያቸው። ትርሲት አመለጣትና «እናትሽ ባቡሩ ሰው መጫን በቅጡ ሲጀምር በዚህ ነው አገሬ የምገባው ትል ነበር» አለች። ወዲያው ምላሷን ነከሰች። መነን ግን አልነቃችባትም።

«ምን ባቡር ትጠብቃለች? ይዣት ነው የምመለሰው! ቤቱን ኖራ አስቀብቼ፣ አልጋ አንጥፌ ነው የመጣሁት። አሥራ ዘጠኝ ዓመት ለሰው ቤት በቃት። ከእንግዲህ ወይ እኔ እዚህ እቀራለሁ፣ ወይ እሷ ከኔ ጋር ትሄዳለች።»

ትርሲት በመስኮቱ ወደ ውጭ ተመለከተች።

ካርቲየ 3 ያለችው ክፍል አበሩና ትርሲት ለዕረፍት ቀናቸው በጋራ የተከራዩአት ናት። ሁለቱም አሠሪዎቻቸው ቤት ነው የሚያድሩት፤ ዓርብ ዓርብ ግን የራሳቸው በር፣ የራሳቸው ቁልፍ እንዲኖራቸው ብለው ያዟት። ቆርቆሮዋ ቀን የዋጠችውን ግለት ማታ ትተፋዋለች። ሁለት አልጋ፣ አንድ ማራገቢያ፣ አንድ ሻንጣ። ሻንጣው የአበሩ ነው፤ «ለመሄጃዬ» እያለች ስትሞላው የኖረችው። ትርሲት ከጓደኛዋ ዕቃ ምንም አላነሣችም። አልጋውን ብቻ አንጥፋው ነበር።

መነን ሳይነግሯት እናቷ አልጋ ላይ ሄዳ ተቀመጠች። ትራሱን አንስታ አሸተተችና ሳቀች። «በረኪና በረኪና ይላል! እጇም እንደዚሁ ነው። ልጅ ሆኜ የእናት ሽታ ሁሉ በረኪና ይመስለኝ ነበር።»

«ዛሬ ሐኪም ቤት መግባት አይቻልም፣ ሰዓቱ አልፏል» አለች ትርሲት ጀርባዋን ሰጥታ ሩዝ እየጨለፈች። «ነገ በማለዳ ነው። ሌሎችም አብረውን የሚሄዱ አሉ። ብይ እስቲ።»

«እማዬንም እንዲህ ነው የምትያት? እሷ ነበረች ‘ብይ ብይ’ የምትለኝ። በደወለች ቁጥር ‘ምን በላሽ?’ ትለኛለች። ሽሮ ካልኳት ‘በእውነት ምን በላሽ?’ ትላለች። ስልክ ላይ ሆና ልታጎርሰኝ ነው የምትፈልገው።» ጎረሰችና አፏ ውስጥ እንዳለ ቀጠለች። «ስትሄድ የስምንት ዓመት ልጅ ነበርኩ። አባዬ ሞቶ ዓመት አልሞላውም። ትንሹ ወንድሜ ታምሩ እንደውም ጡት ከጣለ ብዙ አልሆነውም። ሁለት ዓመት ሠርቼ እመለሳለሁ አለች። እኔ ሞኟ ደግሞ ግድግዳ ላይ በከሰል እየጫርኩ መቁጠር ጀመርኩ። ከዚያ ግድግዳው አለቀና ተውኩት።»

«ሁለት ዓመት ያለችው ለኔም ነው» አለች ትርሲት። «በአሮጌው ባቡር አብረን ነው የመጣነው። አንድ ወንበር ላይ።»

«ሦስቴ መጣችልን፣ ይመስገነው። ግን ምን ዋጋ አለው፣ ቁጭ አትልም! የመጀመሪያው ቀን ገና ሻንጣዋን ሳትከፍት መጥረጊያ አነሣች። የኛን ቤት ስትጨርስ የጎረቤት መጋረጃ ወስዳ አጠበች። እትዬ፣ የጎረቤት! ‘እማዬ፣ እስቲ ዝም ብለሽ ተቀመጪና ልይሽ’ ብላት፣ ‘ምኔን ልታዪ? ሥራ የፈታ ሰው አይታይም’ አለችኝ።»

ሁለቱም ሳቁ። ትርሲት ሳቋ መሃል ላይ ወደ ሌላ ነገር ሊዞርባት ሲል ተነሥታ ማራገቢያውን ነካካች።

«እስቲ አንቺ ንገሪኝ» አለች መነን እግሯን አልጋው ላይ እየሰበሰበች። «ስልክ ላይ ያለችዋን ነው እንጂ የማውቀው፣ እዚህ ያለችዋን አላውቃትም። እንዴት ነው የምትውለው?»

ምን ትንገራት? አበሩ እንዴት ነበር የምትውለው? ገና አዛን ሳይሰማ ተነሥታ ዳቦ ትገዛለች። አሠሪዋን አሮጊቷን ሐጂያ ኻሊዳን አጥባ፣ አልብሳ፣ ፀጉራቸውን አበጥራ ታስቀምጣለች። የአንድ ሠራዊት ልብስ ታጥባለች፣ ትተኩሳለች። አበሩ የሚለው ስም ለቤቱ ሰዎች ስላልተመቸ ዓቢዳ ነበር የሚሏት፣ እሷም በዚያው ለምዳ ለሁለቱም «አቤት» ትላለች። የቤቱን ልጅ ዓብዱልጀሊልን በአሥር ዓመቱ ተቀብላ አሳደገችው። አማርኛ ያስተማረችው በቁጣ ነው። «እጅህን ታጠብ! ተቀመጥ! ምን በላህ?» እያለች። ዛሬ የዶራሌን ኮንቴይነር የሚያስጭን ትልቅ ሰው ሆኖ እንኳ በአማርኛ ሲናገር የተቆጣ ይመስላል።

ትርሲት ይህን ሁሉ ነገረቻት። መነን ፈገግ እንዳለች ሰማች፤ ስለ ዓብዱልጀሊል ሲነሣ ግን ፈገግታዋ ቀዝቀዝ አለ። «የኔን ‘ምን በላሽ’ ነው ለሱ የሰጠችው» አለች።

«ዓርብስ? ዓርብ ዕረፍቷ ነው አይደል?» ስትል ቀጠለች መነን።

«ዕረፍት! እናትሽና ዕረፍት የት ይተዋወቃሉ?» አለች ትርሲት። «ዓርብ ዓርብ እዚህ ድስት ሙሉ ምስር ወጥ ሠርታ፣ ውሃ በጀሪካን ይዛ ወደ መንገድ ትወጣለች። ወደ ኦቦክ ባሕር ዳርቻ በእግር የሚያልፉትን ልጆች ታውቂያቸዋለሽ፤ የመንን እንሻገራለን የሚሉትን። ታበላቸዋለች፣ ታጠጣቸዋለች። ከዚያ እያንዳንዱን አገጩን ይዛ ‘እናትህ ታውቃለች?’ ትለዋለች። ምን ብሎ ይመልስ? አንገቱን ይደፋል። ዓርብ ቀርታ አታውቅም። ታምሩ በዚያ ካለፈ ወዲህ።»

መነን የእናቷን ትራስ ጭኗ ላይ ሳበችው። ወንድሟ ታምሩ ከአምስት ዓመት በፊት ነው ጅቡቲን አቋርጦ የሄደው። እናቱ ባለችበት ከተማ ገብቶ፣ ውሃ ጠጥቶ፣ ሳያያት አለፈ፤ ካየችው እንደማትለቀው ስላወቀ። አበሩ የሰማችው ባሕሩን ከተሻገረ በኋላ ነው። ያን ቀን እንኳ ሥራ አልቀረችም። ሐጂያ ኻሊዳ አለቀሱላት፣ እሷ እሳቸውን አባበለች።

«አሁን ሳዑዲ፣ ጂዛን በኩል አንድ እርሻ ላይ ነው ያለው» አለች መነን። «ብቻውን ነው የሚያድረው። ሰው የሚያየው አሠሪው ቀለብ ሲያመጣለት ነው። እማዬን ሐኪም ቤት እንዳየሻት ደውዪልኝ ብሎኛል፣ በጣም ጨንቆታል።»

ከዚያ ትርሲት የፈራችውን ነገር ተናገረች። «ታውቂያለሽ፣ እድሩን እስከ ዛሬ አቋርጣ አታውቅም። የኔን ልብስ ታስቀር ይሆናል እንጂ የእድሩን አታስቀርም። ‘ድንኳኑ የኔ ነው፣ ባልበላበትም እተኛበታለሁ’ እያለች ትስቃለች። ከአባዬ ጎን እንድትቀበር ነው፤ ሌላ ምንም ጠይቃን አታውቅም። መቶ ዓመት ያኑራትና!»

«አሜን» አለች ትርሲት፣ ድምፅዋ ሳይሰማ።

ውሃ ልታመጣ ብላ ወደ ግቢው ወጣች። ቧንቧው ጋ ቆማ ሳትከፍተው ቀረች። ሞቱን መደበቁ ወግ ነው እንበል፤ ለእሱ ማንም አይወቅሳትም። ሌላው ነገር ግን አለ፤ ያን ከእሷ በቀር የሚያውቅ የለም።

ባለፈው ቅዳሜ አበሩ የሐጂያ ኻሊዳን ምንጣፍ ጣሪያ ላይ አጥባ ስታሰጣ ነው የወደቀችው። ፀሐይ በአናት ላይ ነበረች። ሐኪም ዘንድ ሳትደርስ መንገድ ላይ አለፈች። ትርሲት ከሄሮን እየሮጠች ስትመጣ፣ አበሩን በሐጂያ ኻሊዳ ክፍል፣ በሐጂያ ኻሊዳ አልጋ ላይ፣ በነጭ አንሶላ ተሸፍና ኤሲ ተከፍቶላት አገኘቻት። አሥራ ዘጠኝ ዓመት ያንን ኤሲ ስትወለውል ኖራ አንድ ቀን ከሥሩ ተኝታ አታውቅም። አሮጊቷ እጇን ይዘው «ዓቢዳ፣ ዓቢዳ» ይላሉ።

ዓብዱልጀሊል ዓይኑ ደም መስሎ ወደ ግቢ አወጣት። «ትርሲት፣ እኛ ሬሳ አናሳድርም» አላት። «ግን እሷ የእናንተ ናት። ሁልጊዜ ‘አገሬ ቅበሩኝ’ ትለኝ ነበር። መኪና አዘጋጅቻለሁ፣ በረዶ አስመጣለሁ፣ ወረቀቱን እኔ እጨርሳለሁ። ዛሬውኑ ደወሌ አደርሳታለሁ። ከዚያ ወዲያ የሚቀበላት ሰው ያስፈልጋል። ለልጇ ደውዪ፣ ጠይቂያት። እዚህ እጠብቅሻለሁ።»

የአገር ቤት ሰዎች ቁጥር ያለው አበሩ ስልክ ውስጥ ነው፤ የስልኩን መክፈቻ ደግሞ የምታውቀው አበሩ ብቻ ናት። ትርሲት ያላት የመነን ቁጥር ብቻ ነበር። ደወለች።

«መነንዬ፣ የት ነሽ?»

«ሱቅ ውስጥ። ምነው በደህና ነው?»

«ማን አለ አጠገብሽ?»

«ማንም የለም፣ ብቻዬን ነኝ።»

«ስልኩን ለጎረቤት ስጪልኝ እስቲ።»

«ዛሬ ገበያ ነው፣ ጎረቤት የለም። እትዬ፣ እማዬ ምን ሆናለች?»

ዓብዱልጀሊል ድምፅ ከማይሰማበት፣ ከግቢው ማዶ መኪናው ጋ ቆሞ በዓይኑ ይለምናታል። ትርሲት አፏን ከፈተች። እዚያው ልቧ ውስጥ የመጣባት ያ ምድጃ ላይ ያለ ዓሣ፣ ያ «አይዞሽ» የሚል ድምፅ ነው። ይህች ልጅ ብቻዋን፣ ሱቅ ውስጥ፣ የሚይዛት ሰው ሳይኖር!

«ምንም... ትንሽ አሟታል። ተነሽና ነይ።»

«ላናግራት።»

«ተኝታለች።»

ስልኩን ዘጋችው። ዓብዱልጀሊል ቀረብ ብሎ «ምን አለች?» አላት። እንግዲህ ምን ልትለው ነው? አልነገርኳትም ልትለው ነው? ልጅቷ እስክትደርስ በዚያ ሙቀት አስከሬን አይቆይ፣ ከድንበር ወዲያ የሚቀበል የለ፣ ሰዓቱ እየሄደ። ጭንቅ ብሏት «እዚሁ ትቀበር ብላለች» አለችው። እሱም እንደተመታ ሰው ግድግዳውን ተደገፈና «እሺ» አለ። ከመምሸቱ በፊት አንድ ቄስ፣ ጥቂት የወደብ ሠራተኞችና እሱ ራሱ ተሸክመው የክርስቲያን መቃብር አገቧት። ድንኳን የለ፣ እድር የለ፣ ልጅ የለ። ያቺ የሰውን ሁሉ ጉድፍ ስታጥብ የኖረች ሴት፣ አፈሯ ላይ የቆመው ሰው በጣት የሚቆጠር ነበር።

ትርሲት ቧንቧውን ከፈተች። ውሃው እንደ ሻይ ሙቅ ነበር።

ሲነጋጋ መነን ከሁሉም ቀድማ ተነሥታለች። ታጥባ፣ ንጹሕ ቀሚስ ለብሳ፣ የጀሪካኑን ክር ፈታ ጸበሉን በትንሽ ጠርሙስ ቀንሳ ነበር። በር ሲንኳኳ «እኔ እከፍታለሁ!» ብላ ዘለለች።

ለመርዶው የተጠሩት ሴቶች ተነጋግረው ነበር የመጡት። ጥቁር አይለበስም፣ ነጠላም እንደ ወትሮው ይጣፋል፣ መጀመሪያ ገብተን እንቀመጥ፣ ከዚያ ትልቋ ጥሩሰው ትናገራለች ተባብለዋል። መነን በሩን ስትከፍት የእናቷን ወዳጅ ሰብሪናን አየች፣ ሌሎች ሁለት ሦስት ሴቶች አየች፣ ፊቷ በራ። «እናንተም አብራችሁን ልትሄዱ ነው? ተባረኩ! እማዬ እንዴት ደስ ይላታል!» አለች።

ከኋላ ጥሩሰው ገባች። ጥሩሰው ደግሞ አድርጋ የማታውቀውን ከየት ታምጣው! ለሞተች ወዳጇ ነጠላዋን ሳታዘቀዝቅ ከቤት መውጣት አልሆነላትም። ጥለቱ አንገቷ ሥር ነበር።

መነን ጥለቱን አየችው። ከዚያ የጥሩሰውን ፊት፣ ከዚያ የትርሲትን። ጠርሙሱ ከእጇ ወደቀ።

ጩኸቱ እስከ አስፋልቱ ተሰማ። ሱማሌዎቹ ጎረቤቶች ሳይጠሩ ወጡ፣ አፋሯ ወተት ሻጭ ጣሳዋን አስቀምጣ ደረቷን ያዘች። መነን ፊቷን ስትቧጭር ያዟት፣ ስትወድቅ ያዟት። ልክ እንደ ወጉ በግራም በቀኝም ሰው ነበራት። «ውሃ! ውሃ!» ሲባል አንዷ ያገኘችውን ቢጫ ጀሪካን አንስታ ራሷ ላይ ደፋችባት። የቁልቢው ጸበል በልጅቷ አንገት ወርዶ ሲሚንቶው ላይ ፈሰሰ።

ረፋዱ ላይ ዓብዱልጀሊል መጣ። ሐጂያ ኻሊዳ የላኩትን ሩዝና ስኳር በር ላይ አስቀምጦ ገባና መነን ፊት መሬት ላይ ቁጭ አለ። እንደ ትልቅ ሰው አልነበረም ያለቀሰው። «እማማ ዓቢዳ! እጅህን ታጠብ የምትለኝ እናቴ!» እያለ በእሷው አማርኛ፣ በእሷው ድምፅ አለቀሰ። መነን ለቅሶዋን አቁማ ታየው ጀመር። የእናቷን ድምፅ ከሌላ ሰው አፍ ስትሰማ ምን እንደተሰማት እሷው ታውቃለች።

ሲረጋጋ ፊቱን በክንዱ ጠረገ። «አትቀየሚን፣ እህቴ» አላት። «እኔ ልወስዳት ነበር። መኪናው በር ላይ ቆሞ ነበር፣ በረዶውም መጥቶ ነበር። ‘እዚሁ ትቀበር’ ብላችሁ ስትልኩብኝ አዘንኩ፣ ግን የልጅ ቃል ነው አልኩ።»

መነን አልገባትም። «ማን ነው ያለው?» አለች።

«አንቺ ነሻ። ቅዳሜ ለት። በስልክ።»

ክፍሉ ውስጥ ያለው ሰው ሁሉ ወደ ትርሲት ዞረ። ትርሲት ግድግዳው ጋ ተንሸራታ ተቀመጠች። ጉድ ፈላ ማለት ለዚህ ነው፣ መሸሸጊያም የለ።

«ቅዳሜ ስትደውዪልኝ ሞታ ነበር?» አለች መነን።

«አዎ።»

«መኪና ነበረ?»

«አዎ።»

«አልተቀበረችም ነበር?»

«አልተቀበረችም። ብቻሽን ነኝ አልሽኝ። እኔ... ብቻሽን ነኝ ስትዪኝ...»

«ደወሌ መጥቼ እቀበላት ነበር!» መነን ድምፅዋ ተሰነጠቀ። «በእግሬም ቢሆን እመጣ ነበር! ወድቄ ልነሣ፣ አብጄ ልዳን፣ የራሴ ጉዳይ ነበር! እድሩ በሙሉ ነቅሎ ይመጣ ነበር። ከአባዬ ጎን ትተኛ ነበር። እኔ እሷ አፈር ውስጥ ገብታ ቁልቢ ጸበል ስጠብቅ፣ እልል ስል፣ ስሳል! አንድ ነገር ነበር የለመነችን፣ አንድ! ምነው እትዬ፣ ምን አደረግንሽ?»

ትርሲት ሞትን በስልክ መስማት ምን እንደሆነ ልትነግራት ፈለገች፣ ዓሣውን፣ ሽርጧን፤ ሁሉም ነገር አፏ ውስጥ ጭቃ ሆነባት። ጥሩሰው «በቃ ልጄ፣ እሷም ለአንቺ ብላ ነው» አለች። መነን «ለኔ!» ብላ ብቻ መለሰች። መቃብር ተከፍቶ ሬሳ አይወጣ ነገር፣ ቄሱም አይፈቅድ፣ ሕጉም አይፈቅድ። ዓብዱልጀሊል አንገቱን ደፋ። ከዚህ በኋላ ለማንም የሚደረግ ነገር አልነበረም።

በዚህ መሃል የመነን ስልክ አልጋው ላይ ጮኸ። ታምሩ ነው።

ሴቶቹ ተያዩ። ሰብሪና «ተዪው፣ አታንሺው» አለች። ስልኩ ቆመ፣ ወዲያው እንደገና ጮኸ። ትርሲት በጉልበቷ እየዳኸች ወደ መነን ተጠጋች፣ የቀሚሷን ጫፍ ያዘች።

«ንገሪው» አለቻት በሹክሹክታ። «መነንዬ፣ በእመቤቴ፣ ንገሪው። እንደኔ አትሁኚ።»

መነን ስልኩን አንስታ ጆሮዋ ላይ አደረገች። ፊቷ ላይ የጥፍር ቧጨራ አለ፣ ፀጉሯ ገና በጸበሉ እርጥብ ነው።

«ሃሎ፣ ታሜ» አለች። «አዎ፣ ደህና ገባሁ... አይ፣ ጉንፋን ይዞኝ ነው። አንተ የት ነህ? ... ማን አለ አጠገብህ?»

አዳመጠች። የታምሩ ድምፅ ከሩቅ፣ ንፋስ እየቆራረጠው ለሁሉም ይሰማል። ማን ይኖራል ብለሽ ነው፣ ብቻዬን ነኝ፣ እማዬን አየሻት ወይ ይላል።

ትርሲት ቀሚሷን ሳበችው። መነን ጀርባዋን አዞረችባት።

«አየኋት» አለች። «ምንም አትልም... ትንሽ አሟታል።»

ላናግራት አለ ታምሩ።

መነን ዓይኗን ጨፈነች። «ተኝታለች» አለች።

«እሺ በቃ» አለ ታምሩ፣ «አትቀስቅሻት።»